የስድስተኛ ክፍል ዳስ

አባቴ የወንድሙን ስም አይጠራም። «ያ ሰውዬ» ይላል፤ ሲብስበት «የማዶው» ይላል፤ በጣም ሲናደድ ደግሞ ምንም ሳይል በአገጩ ወደ አጥሩ ይጠቁማል። አጎቴ ግን የሚኖረው ማዶ አይደለም። በእሱና በእኛ ቤት መካከል ያለው አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። የተጣሉትም በዚያው ባሕር ዛፍ ነው።

እኔ ሥርጉት ዘሥላሴ እባላለሁ፤ እዚህ አንኮበር የስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነኝ። ሥርጉት ትዕግሥት የላትም ይሉኛል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያደገ ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ሰይፈሥላሴ ከዓመታት በፊት ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። አባቴ «መሬቴን ገፋ፣ የነጭ ሽንኩርት መደቤን አደረቀው» አለ። አጎቴ «የተከልኩት በገዛ መሬቴ ነው» አለ። ሽማግሌ ገባ፣ ቄስ ገባ፣ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የወንድሙ ስም ከአባቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም።

እስከ አምና ድረስ ነገራቸው ያስቀኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ላገባ ነው። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ያሳደጉኝ ሁለቱ ናቸው፤ አባቴ እርሻ ሲውል ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ፣ ጸጉሬን እንኳ እንደ ነገሩ የሚጎነጉነኝ አጎቴ ነበር። እሱ በሌለበት መዳር አልፈልግም። ሄጄ ለመንኩት። «ዘሥላሴ እንደ ድሮው ‹ሰይፉ› ይበለኝ። አንዴ ብቻ በስሜ ይጥራኝ፤ በሬ እየጎተትኩ እመጣለሁ» አለኝ። አባቴን ለመንኩት። በሬውንም ነገርኩት። «ማን? የማን ስም?» ብሎኝ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ሠርጌ እየቀረበ ነው፣ እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ነው፣ ያቺ አንድ ቃል አልወጣ አለች።

በዚህ መሀል ነው ርእሰ መምህራችን የባህል ቀን የሚባል ነገር ያመጣብን። እያንዳንዱ ክፍል ከዓለም ሕዝቦች የአንዱን ኑሮ አጥንቶ በሥራ አሳይቶ በዳኞች ፊት ይወዳደራል ተባለ። ዕጣ ወጣ። የሳይንስ አስተማሪው ብራዚል ደረሰው፤ ኳስ ገዝቶ ተገላገለ። ለኔ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂናል የሚባሉት፣ ደረሱኝ። ስለነሱ የማውቀው ካንጋሮ ከሚባል እንስሳ ጋር አንድ አገር መኖራቸውን ብቻ ነበር። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ፣ ስልኬን ወደ ሰማይ እያነሣሁ፣ ብርዱ ጣቴን እያደነዘዘው አነበብኩ። ያነበብኩት ደግሞ ደስ አለኝ።

«አንድ ሕዝብ እንዳይመስሏችሁ» አልኳቸው ልጆቹን። «በመቶ የሚቆጠሩ ቋንቋዎች ነበሯቸው፤ አገሩን ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቤታቸውም እንደየአገሩ ይለያያል። ነፋስ በሚበዛበት ቅርንጫፍ ደርድረው መከለያ ይሠራሉ። ዝናብና ትንኝ በሚበዛበት ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሠርተው የዛፍ ቅርፊት ያለብሱታል። ድንጋይ በሚገኝበትም በድንጋይ የሚሠሩ ነበሩ።»

«ቅርፊቱ የምን ዛፍ ነው?» አለ ረሺድ። የረሺድ አባት ከአልዩ አምባ መጥተው የቧንቧ ዕቃ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውም አንድ ነገር ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ አያልፍም።

«ብዙውን ጊዜ የባሕር ዛፍ ዘመድ ከሆኑ ዛፎች ነው። ባሕር ዛፍ እኮ አገሩ እዚያ ነው። ወደ እኛ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው።»

ልጆቹ በመስኮት ወደ ዛፎቹ አዩ። ቤቱ በባሕር ዛፍ የተሠራ፣ ምሳው በባሕር ዛፍ የሚበስል፣ ጉንፋን ሲይዘው በባሕር ዛፍ ቅጠል የሚታጠን ልጅ ዛፉ እንግዳ ነው ሲባል በቀላሉ አይቀበልም።

«ቲቸር፣» አለ ረሺድ በመጨረሻ፣ «ታዲያ አባትዎና ጋሼ ሰይፈሥላሴ የሚጣሉት በሰው ዛፍ ነው?»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁና ወደሚቀጥለው ነገር አለፍኩ። ባላልፍ ይሻለኝ ነበር። «በብዙዎቹ ዘንድ አንድ ሰው ሲሞት ስሙ አይጠራም» አልኩ። «ለረጅም ጊዜ ማንም አያነሣውም። ለሟቹ ክብር፣ ለቤተሰቡም ኀዘን ሲሉ ነው።» የእኛን ለቅሶ ለሚያውቁ ልጆች ይህ አስገራሚ ነበር፤ እኛ ጋ የሟች ስም ሺህ ጊዜ ካልተጠራ የተለቀሰም አይመስለን።

ሌይላ እጇን አወጣች። ሌይላ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ፣ የተማረችውን በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ካላዋለች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ነች።

«ቲቸር፣ አባትዎም የወንድማቸውን ስም አይጠሩም። ስለሚያከብሯቸው ነው?»

«ደብተራችሁን አውጡና ጻፉ» አልኩ።

ቤቱን ከቅርፊት እንድንሠራ ተስማማን። ቅርፊት የት እንዳለ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከአባቴና ከአጎቴ ድንበር ላይ ካሉት ዛፎች ሥር የረገፈው ቅርፊት ለዓመታት ተከምሮ ኖሯል። ለእሳት ማያያዣ የሚሆን፣ ሴቶቹ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር በምኞት የሚያዩት ነገር ነው። አጎቴ እንዳያነሣው አባቴ «መሬቴን ረገጠ» ይላል። አባቴ እንዳያነሣው አጎቴ «የዛፌን ሰረቀ» ይላል። እኔ ማንንም ሳላስፈቅድ ለልጆቹ ሰጠሁ። አንዱን ባስፈቅድ ሌላው ይቀየመኝ ነበርና ሁለቱንም በእኩል ናቅኋቸው።

የዛፎቹ ረድፍ የሚያልቀው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ጋ ነው፤ የእኛም ግቢ ከኋላ በኩል ከሜዳው ጋር በአጥር ይገናኛል። ልጆቹ ቅርፊቱን እየጎተቱ አውጥተው ቤቱን እዚያው ሠሩት። አጥራችንን እንደ አንድ ግድግዳ ቆጠሩት፤ አጣና አቁመው ቅርንጫፍ አጋደሙበት፤ ከላዩ ቅርፊቱን አነባበሩ። ጥሩ ሥራ ነበር። በአንኮበር ዓይን ካያችሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመስለው፤ ዳስ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሠርግ የለም፤ በጾም ዳስ የሚጣለው ለለቅሶ ነው። ይህ ያኔ ለምን ትዝ እንዳላለኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በሰሜን አውስትራሊያ ምስጥ ውስጡን የበላውን ግንድ እንደሚነፉ፣ ዲጀሪዱ እንደሚባልም ነግሬያቸው ነበር። በእኛ ብርድ ያን ያህል የሚቆፍር ምስጥ አይገኝም። ረሺድ ከአባቱ ሱቅ ረጅም የፕላስቲክ ቧንቧ ይዞ መጣ።

ዝግጅቱ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የሠርግ ልብሴን ልለካ ደብረ ብርሃን ሄድኩና ጓደኛዬ ዘንድ አደርኩ። ስሄድ ለልጆቹ «ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እደርሳለሁ፤ እኔ ሳልመጣ ምንም አትንኩ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ አስተምሬ፣ «አትንኩ» ማለት ለስድስተኛ ክፍል ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በኋላ ከሌይላ ነው የሰማሁት። ዓርብ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ልምምድ ብለው መጡ። ጉሙ ወርዷል፤ አንኮበር ጉም ሲወርድ አጥር ከበር አይለይም። ዳሱ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ረሺድ ቧንቧውን ነፋ። የወጣው ድምፅ ቁርጥ የእድር ጥሩምባ ነበር።

የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ብርሃነ መስቀል ናቸው። ሰው ሲያርፍ በጠዋት ተነሥተው ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ ስሙን እየተናገሩ ለሰፈሩ የሚያስታውቁት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በፊት የሞት ወሬ የሰማ ሰው ያስቀይማቸዋል። ያን ቀን አልጋቸው ውስጥ እንዳሉ የሌላ ሰው ጥሩምባ ሰሙ። የጫማቸውን ማሰሪያ ሳያስሩ ወጡ።

ድምፁን ተከትለው ሲመጡ በጉሙ ውስጥ የተጣለ ዳስ አገኙ። ልጆቹ እሳቸውን ሲያዩ ደንግጠው አንገታቸውን ደፉ። ይህም አላማረም።

«ማን ነው ያረፈው?» አሉ ጋሽ ብርሃነ መስቀል።

ሌይላ ቀና አለች። «ስሙ አይጠራም።»

«እንዴት አይጠራም?»

«ሰው ሲሞት ስሙ አይጠራም። ቲቸር ሥርጉት ናቸው ያሉን።»

ጋሽ ብርሃነ መስቀል ዳሱን አዩ። ዳሱ የተደገፈበትን የእኛን አጥር አዩ። የእኔን ስም ሰሙ። ሥርጉት የአባቷን ስም መጥራት አቅቷት ሕፃናት ላከች ብለው ሆዳቸው ባባ። ዞረው በራችንን አንኳኩ፤ የሚከፍት የለም። አባቴ ኪዳን ሊያደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ጋሽ ብርሃነ መስቀል ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም፤ ጥሩምባቸውን አምጥተው «አቶ ዘሥላሴ አርፈዋል» እያሉ ሰፈሩን ዞሩት።

በኋላ ሌይላን «ለምን የክፍል ሥራ ነው አላልሻቸውም?» ብዬ ተቆጣኋት። «አልጠየቁኝም» አለች።

እኔ ከሚኒባስ ስወርድ ወሬው ጎልምሶ ጠበቀኝ። አባቴ ሌሊት ታሟል፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወሰድ መንገድ ላይ አርፏል፣ አስከሬኑ እየመጣ ነው። ይህን ሁሉ ማን እንደጨመረበት አይታወቅም። እኔ ግን ገና ምንም አልሰማሁም። የሰማሁት ከትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚመጣ ዋይታ ነው። ልጅ ወድቆ ይሆናል ብዬ ሮጥኩ። ከጉሙ ውስጥ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሠናይት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉና አንድ ክንዴን ያዙ፤ ሌላ ሴት ሌላውን ያዘች። መርዶ የሚነገረው ሰው መሬት ላይ እንዳይፈጠፈጥ እንዲህ ነው የሚያዘው።

«አይዞሽ የኔ እናት» አሉ ወይዘሮ ሠናይት። «ቻይው።»

ዳሱን አየሁ፤ ሰዉን አየሁ፤ ነገሩ ገባኝ። «ይሄ እኮ የክፍል ሥራ ነው» አልኩ። «የአውስትራሊያ ቤት ነው። ተማሪዎቼ ናቸው የሠሩት።»

«አእምሮዋን ሳተች» አሉ ወይዘሮ ሠናይት ለሌላይቱ። «ውሃ አምጡ።»

ውሃው መጣ፤ ፊቴ ላይ ተደፋ። «ልቀቁኝ፤ ማንም አልሞተም» አልኩ። ይህን ስል የበለጠ አለቀሱ። «ታዲያ ማን ነው ሞተ የምትሉት?» አልኩ በመጨረሻ።

«አባትሽ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ሠናይት።

መጀመሪያ ልስቅ ነበር። አባቴን ትናንት ስለየው ደህና ነበር። ግን ትናንት ነው። ሌሊት እዚህ አልነበርኩም። ዙሪያዬን ሳይ የማውቀው ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ አይሳሳትም ብዬ አሰብኩ። ዳሱን ራሴ እንዳሠራሁት እያወቅሁ፣ እዚያው ዳስ ውስጥ ተቀምጬ አባቴን አለቀስኩት። የምሬን ነው። ልጆቹም እኔን አይተው አለቀሱ። ረሺድ ነገሩ የእውነት መሆኑን ሲያይ ቧንቧውን አነሣና በኀዘን ነፋ።

አጎቴ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በመንገዱ ዞሮ አልመጣም፤ ባሕር ዛፎቹን በመሀላቸው ሰንጥቆ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልረገጠውን መሬት ረግጦ መጣ። ባዶ እግሩን ነበር፤ አንዱን ጫማ በእጁ ይዟል። አጥራችንን ደገፍ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

አባቴ ደግሞ፣ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት፣ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። አባቴ ለቅሶ አይቀርም፤ የማያውቀው ሰው ለቅሶ እንኳ ቢሆን መንገድ ላይ ካገኘው ተቀምጦ አልቅሶ ይሄዳል። በጉሙ ውስጥ ዳስ አየ፤ ዋይታ ሰማ፤ ጋቢውን አዘቅዝቆ ገባ። ጋሽ ብርሃነ መስቀል አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወግ ነውና መጀመሪያ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ጋሽ ብርሃነ መስቀል ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ማን ነው ያረፈው?» አለ።

ጋሽ ብርሃነ መስቀል ፊታቸውን በጋቢያቸው እንደሸፈኑ «ዘሥላሴ ነው» አሉ።

«የትኛው ዘሥላሴ?»

«የእኛው ነዋ። ያ ግትሩ።»

«ግትር ነበር እንዴ?» አለ አባቴ።

«ኧረ ተወኝ። ነፍሱን ይማረውና የገዛ ወንድሙን ስም ሳይጠራ ነው የሞተው።» ይህን ብለው ጋሽ ብርሃነ መስቀል ዓይናቸውን ሊጠርጉ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። አጠገባቸው ማን እንደተቀመጠ አዩ። ጥሩምባው ከእጃቸው ወደቀ። አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በሉ አላቸው።

አባቴ ዝም ያሰኛቸው ከአጥሩ በኩል የሚመጣውን ድምፅ ስለሰማ ነው። አጎቴ በጉሙ ውስጥ ማንንም ሳያይ፣ ለሟች እንደሚነገር ይናገር ነበር።

«ዘሥላሴ። ወንድሜ ዘሥላሴ። አንድ እርምጃ ገብቼ መትከሌን አጥቼው ነው? አውቀዋለሁ። መጥተህ ‹ቁረጠው› ብትለኝ በማግስቱ እቆርጠው ነበር። ራሱ ይምጣ ብዬ ነው የጠበቅኩህ። አባታችን ሞተ፣ እናታችን ሞተች፤ ሰይፉ የምትለኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ሌላው ጋሼ ይለኛል፣ አቶ ይለኛል። ከእንግዲህ ሰይፉ የሚለኝ ማን ነው?»

አባቴ ከድንጋዩ ተነሣ።

«ሰይፉ» አለ ከጉሙ ውስጥ።

አጎቴ ቀና አለ።

«ሰይፉ፣ አጥሩን አትደገፍ። ይወድቃል።»

አጥሩ ወደቀ። አጎቴም አብሮት ወደቀ። ወይዘሮ ሠናይት ክንዴን ለቀው ሮጡ፤ ያን ያህል መሮጥ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። ግማሹ ሰው ወደ መንገዱ ሸሸ፤ ግማሹ በእግዚአብሔር ስም እያለ አማተበ። እኔ ተነሥቼ አባቴ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ፤ ሞቃት ነበር፣ ዕጣን ዕጣን ይል ነበር። «ምን ሆነሽ ነው? ማን ነው እንዲህ ያረጠበሽ?» አለኝ። የስድስተኛ ክፍል ዳስ አንድ ግድግዳው ተነሥቶበትም ቆሞ ነበር።

አጎቴ ከወደቀበት ተነሣ። አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አልሞትክም?»

«አልሞትኩም። አንድ እርምጃ ያልከውን ግን ሰምቻለሁ። ሰዉም ሰምቷል።»

«ሞተሃል ብዬ ነው ያልኩት። ካልሞትክ ቃሌን አንሥቻለሁ።»

«ሰይፉ፣ አትዋሽ።»

«ምን አልከኝ?»

«ሰይፉ። ስምህ አይደለም እንዴ?»

አጎቴ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። እግሩ አልገባ ሲለው አባቴ ጎንበስ ብሎ አጠለቀለት። እያጠለቀለትም ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ይሰድበው ነበር።

ከዚያ ዳሱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡና ይጨቃጨቁ ጀመር። የባህል ቀኑ ዳኞች ሲመጡ እዚያው ነበሩ። ርእሰ መምህሩ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ሲል ሌይላ «ነባር ሕዝቦች» አለች። ለቀስተኛው ለለቅሶ የመጣውን ንፍሮ ተካፍሎ በላ። ጋሽ ብርሃነ መስቀል ብቻ ናቸው የተቸገሩት። ሰው አለመሞቱን በጥሩምባ ማስታወቅ በእድሩ ታይቶ አይታወቅም፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ከሰላ ድንጋይ ድረስ ለቀስተኛ ሊመጣ ነው። ቢጨንቃቸው ረሺድን ቧንቧውን እንዲነፋ ይዘውት ዞሩ።

እኔ ከዳሱ በር ቆሜ አባቴን አዳምጥ ነበር። ስድቡ ሁሉ በሰይፉ ይጀምራል፣ በሰይፉ ያልቃል። ያን ሁሉ ዓመት ያስቀረውን ባንድ ቀን የሚከፍል ይመስል ነበር። እንባዬ እንደገና መጣ፤ አሁንስ የሚይዘኝ ስላልነበረ እንደ ልቤ አለቀስኩ።

«ቲቸር፣» አለች ሌይላ፣ «ቤቱን እናፍርሰው?»

«አንዲት ቅርፊት እንዳትነኩ» አልኳት። «ከፋሲካ በኋላ እፈልገዋለሁ።»

ከውስጥ የአባቴ ድምፅ ይሰማል። «ሰይፉ፣ ለልጄ ሠርግ በሬ አመጣለሁ ብለሃል አሉ። የቱን ነው?»

«ቀዩን» አለ አጎቴ።

«ቀዩ ከክረምቱ ወዲህ ያነክሳል። በአጥር አየዋለሁ። ጥቁሩን አምጣ።»